በገደብና በአመክሮ ለሚለቀቁ ሰዎች ግዴታ ሲወሰን መለኪያው ምን ይሁን?

ረቂቅ አዘጋጅ፦

ለተከበራችሁ ተሳታፊዎች፤ ቅጣታቸው በገደብ የታገደላቸውንና በአመክሮ ከማረሚያ ቤት የወጡትን ሰዎች በሚከታተል መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ዳኞችና የአመክሮ ቦርድ አባላት የሚጠቀሙበትን የግዴታዎች ቅጽ እንዳሻሽል ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። አሁን በሥራ ላይ ያለው ቅጽ ለሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት የሚሰጥ ረጅም ዝርዝር ሲሆን፣ በየሳምንቱ ቀርቦ ሪፖርት ማድረግን፣ ከመኖሪያ አካባቢ ያለ ፈቃድ አለመውጣትን፣ አልኮል አለመጠጣትን፣ ማታ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ከቤት አለመውጣትን፣ የወንጀል ሪከርድ ካለበት ሰው ጋር አለመገናኘትን፣ ቋሚ ሥራ መያዝን፣ የክትትል ክፍያ መክፈልን፣ በመጨረሻም «በማናቸውም ጊዜ መልካም ጠባይ ማሳየትን» ይጨምራል። የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ያጎደለ የሒሳብ ሠራተኛም፣ ጠጥቶ ሲያሽከረክር ሰው ያቆሰለ ሾፌርም፣ የትዳር ጓደኛውን የደበደበ ሰውም የሚፈርሙት ይህንኑ ወረቀት ነው።

ባልደረቦቼ በሁለት ተከፍለዋል። ገሚሶቹ ዝርዝሩ መጠበቂያችን ነው ይላሉ፤ በክትትል ላይ ያለ ሰው አንድ ጥፋት ቢፈጽም «ለምን አልከለከላችሁትም?» የሚለው ጥያቄ ወደ እኛ እንደሚመጣ ያውቃሉና ፍርሃታቸው መሠረት የለውም ማለት አልችልም። ሌሎቹ ደግሞ ዝርዝሩን ሰርዘን ሁሉንም ለዳኛው ኅሊና እንተወው ይላሉ፤ ይህም ተመሳሳይ ጥፋት የፈጸሙ ሁለት ሰዎች የተለያየ ችሎት ስለገጠማቸው ብቻ የተለያየ ሸክም እንዲሸከሙ ያደርጋል ብዬ እሰጋለሁ። አንድ ግዴታ ለአንድ ሰው ተገቢ መሆኑ የሚለካው በምንድን ነው? ግዴታው ሲጣስ ምን እርምጃ እንደሚወሰድ አስቀድሞ ሳያስቡ ግዴታውን መጻፍስ ይቻላልን?

የቀድሞ ተቆጣጣሪ፦

ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የመጀመሪያውም መልስ በእርሱ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በክትትል ሥራ ላይ በነበርኩበት ጊዜ፣ አንድ ግዴታ እንዲጨመር ሐሳብ ከማቅረቤ በፊት ራሴን የምጠይቀው ይህንን ነበር፦ ይህ ሰው ሌላ ምንም ሳያጠፋ ይህችን አንዷን ብቻ ቢጥስ፣ ችሎት ፊት ቆሜ ነፃነቱ እንዲቀነስ እጠይቃለሁን? መልሱ «አልጠይቅም» ከሆነ ግዴታው በወረቀቱ ላይ ቦታ የለውም። ማንም የማያስፈጽመው ግዴታ ሰውየው የትኛው ቃል የምር እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ለወግ ያህል እንደተጻፈ እየገመተ እንዲኖር ያደርገዋል። ተቆጣጣሪውም በተናደደ ቀን የሚያወጣው በትር ይሆንለታል፤ ይህ ደግሞ ሕግ ሳይሆን የአንድ ሰው ፈቃድ ነው።

ለነገሩ የዚህ ሥራ አጀማመር ከዛሬው ዝርዝር በእጅጉ የራቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 በቦስተን ከተማ ጆን ኦገስተስ የተባለ ጫማ ሠሪ፣ በስካር የተከሰሰን አንድ ሰው በዋስትና ተቀብሎ ዳግመኛ እንዳይጠጣ ቃል አስፈረመው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዞት ሲቀርብ ዳኛው በሰውየው ላይ ባየው ለውጥ ተደንቆ፣ በእስራት ፈንታ የአንድ ሳንቲም መቀጮና የችሎቱን ወጪ ብቻ ወሰነበት። ግዴታው አንድ ነበር፤ እርሱም ሰውየውን ችሎት ፊት ያቆመውን ነገር በቀጥታ የሚነካ ነበር። ፈራሚውም ከፊርማው በኋላ ብቻውን አልተተወም። እኔ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ይህንኑ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1990 ዶን አንድሩስ፣ ጄምስ ቦንታና ሮበርት ሆጅ የተባሉት የካናዳ ተመራማሪዎች በሦስት መርሆዎች አቅርበውታል። የክትትሉ ክብደት ሰውየው ወደ ወንጀል የመመለስ ዕድሉ ካለው መጠን ጋር ይመጣጠን፤ ሥራው ሰውየውን ወደ ወንጀል የሚገፋውንና ሊለወጥ የሚችለውን ነገር ይንካ፤ አቀራረቡም እርሱ ሊረዳውና ሊከተለው በሚችለው መንገድ ይሁን ይላሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጀመሪያውን መርሕ ሌላኛ ገጽታ ነው። አደገኝነቱ አነስተኛ በሆነ ሰው ላይ ከባድ ክትትል መጫን ጥቅም የለሽ ወጪ ብቻ አይደለም፤ ሊጎዳም ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ከወንጀል ያራቁት ሥራው፣ ትምህርቱና ቤተሰቡ ናቸው፤ በየሳምንቱ ከሥራ እያስቀረን፣ ከእርሱ ይልቅ በወንጀል ከገፉ ሰዎች ጋር በአንድ የመጠበቂያ ክፍል እያስቀመጥን የምናፈርስበትም እነዚያኑ ነው።

«ግዴታ ቢበዛ ምን ይጎዳል?» ለሚሉት ባልደረቦችዎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ጆአን ፒተርሲሊያና ሱዛን ተርነር ያሳተሙትን ጥናት ቢያሳዩአቸው መልካም ነው። በአሜሪካ በ14 አካባቢዎች ሰዎችን በዕጣ ከፍለው፣ ገሚሱን በጥብቅ ክትትል ገሚሱን በተለመደው አሠራር ሥር አዋሏቸው። አዲስ ወንጀል ሳይሆን የክትትል ግዴታን በመጣስ የተያዙት በጥብቁ ክትትል ሥር 65 በመቶ፣ በተለመደው ሥር 38 በመቶ ሲሆኑ፣ በአዲስ ወንጀል ተጠርጥረው የተያዙት ግን 37 እና 33 በመቶ ነበሩ። ጥብቅነቱ ያበዛው ወንጀልን መከላከልን ሳይሆን ጥሰት ማግኘትን ነው። ብዙ ከጠየቅን ብዙ ጉድለት እናገኛለን፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ግዴታም ወደ እስር ቤት የሚመልስ ተጨማሪ በር መሆኑን ፈራሚው ከእኛ በተሻለ ያውቃል።

ስለዚህ አልኮልን መከልከል ለሾፌሩ ተገቢ ነው፤ ለሒሳብ ሠራተኛው ግን መጠጥ ከጥፋቱ ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያሳይ ነገር ከሌለ አላስፈላጊ ነው። «ቋሚ ሥራ መያዝ» የሚለውንም እንዲያስተካክሉት እመክራለሁ፤ ሥራ መስጠት የቀጣሪው ፈቃድ በመሆኑ፣ ሰውየውን የምንጠይቀው በእጁ ያለውን፣ ማለትም ሥራ መፈለጉንና ማመልከቱን ብቻ መሆን አለበት።

የሕግ ባለሙያ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ የሕግ መሠረቱን ልጨምርበት። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1990 በውሳኔ ቁጥር 45/110 ያጸደቀው፣ የቶኪዮ ደንቦች በመባል የሚታወቀው ሰነድ በደንብ ቁጥር 12 ስለ ግዴታዎች ይደነግጋል። ግዴታዎች ሊፈጸሙ የሚችሉ፣ በትክክል የተገለጹና በተቻለ መጠን ጥቂት መሆን አለባቸው፤ ዓላማቸውም ሰውየው ወደ ወንጀል የመመለሱን ዕድል መቀነስና ከኅብረተሰቡ ጋር የመቀላቀሉን ዕድል ማሳደግ ሆኖ፣ የተበዳዩም ፍላጎት ግምት ውስጥ ይገባል። ደንቡ እነዚህን ግዴታዎች ሰውየው ገና ከመጀመሪያው በቃልም በጽሑፍም እንዲያውቃቸው፣ ግዴታውን ብቻ ሳይሆን መብቱንም ጭምር እንዲነገረው ያዝዛል።

«በትክክል የተገለጹ» በሚለው መለኪያ ካየነው «በማናቸውም ጊዜ መልካም ጠባይ ማሳየት» የሚለው ሐረግ ሊቆም አይችልም። ሰውየው ምን ቢያደርግ እንደሚጥሰው አስቀድሞ ማወቅ አይችልም፤ ዳኛውም መጣሱን የሚመዝንበት ሚዛን የለውም። የወንጀል ሪከርድ ካለበት ሰው ጋር አለመገናኘት የሚለውም በዚህ አነጋገሩ ችግር አለበት፤ ማን ሪከርድ እንዳለበት ሰውየው በምን ያውቃል? በሥራ ቦታ፣ በሕክምና ቡድን ውስጥ ወይም በገዛ ቤቱ የሚያገኘው ሰውስ? የሚፈለገው ከተወሰኑ የወንጀል ተባባሪዎቹ እንዲርቅ ከሆነ ሰዎቹ በስም ይጠቀሱ፤ መገናኘት ሲባልም ቀጠሮ ይዞ መገናኘት እንጂ መንገድ ላይ መተላለፍ አለመሆኑ ይጻፍ።

የገንዘብ ግዴታዎች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 በቤርደንና በጆርጂያ ግዛት መካከል በነበረው ክርክር፣ ሥራውን በማጣቱ መቀጮውንና ካሣውን መክፈል ያቃተው ሰው ገደቡ ተነሥቶ መታሰሩን ሽሯል። ፍርድ ቤቱ እንዳለው፣ ችሎቱ አስቀድሞ ሰውየው ያልከፈለው እያለው ነው ወይስ አጥቶ የሚለውን መመርመር፣ ጥረት አድርጎ ያልቻለ ከሆነም ሌላ አማራጭ ቅጣት መኖሩን ማጤን ነበረበት። በየትም አገር ሕግ ቢሆን ይህ ጥያቄ ከአፈጻጸሙ ሰዓት ወደ ግዴታው መወሰኛ ሰዓት ቢመጣ ይሻላል፤ የሰውየው ገቢ ሳይጠየቅ የተቆረጠ ክፍያ በወረቀት ላይ ገንዘብ ቢመስልም በተግባር የተላለፈ የእስራት ቀጠሮ ነው።

በብዙ ቅጾች መጨረሻ ላይ የሚገኘው «ተቆጣጣሪው የሚያዝዘውን ማንኛውንም ነገር መፈጸም» የሚለው ሐረግ በእርስዎም ቅጽ ላይ ካለ ያውጡት። ተቆጣጣሪው ቀጠሮ የማስያዝና የአፈጻጸም ዝርዝር የመወሰን ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ አዲስ ክልከላ መፍጠር ግን የፍርድ ቤቱ ወይም የቦርዱ ሥራ ነው።

ከተበዳዮች ጎን፦

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ የሚጀምረው ከፈራሚው ነው። ተበዳዮችን በሚያግዝ ሥራ ላይ ስለሆንኩ ነገሩን ከሌላ ወገን ላሳይ፤ «ጥቂት» የሚለው ቃል «ቀላል» ማለት እንዳይመስልም እፈልጋለሁ።

የትዳር ጓደኛውን የደበደበውን ሰው እንውሰድ። ቅጽዎ ማታ ከቤት እንዳይወጣ ያዝዘዋል። ከተበዳይዋ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ከሆነ ግን ይህ ግዴታ ሌሊቱን ሙሉ በሯን ዘግቶ ከእርሱ ጋር እንድታድር የሚያደርጋት ትእዛዝ ነው። በሌላ በኩል፣ ወደ እርሷ መኖሪያና ሥራ ቦታ በተወሰነ ርቀት ውስጥ እንዳይቀርብ፣ በስልክም ሆነ በሦስተኛ ሰው መልእክት እንዳይልክ የሚለው ግዴታ በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። የቀድሞው ተቆጣጣሪ እንዳሉት ሰውየውን ወደ ጥፋት የሚገፋውን ብቻ ብንከተል ይህን ግዴታ ላናገኘው እንችላለን፤ ምክንያቱም የሚለውጠው እርሱን ሳይሆን የእርሷን ዕለታዊ ደኅንነት ነው። የሕግ ባለሙያው የጠቀሱት ደንብ የተበዳዩን ፍላጎት መጥቀሱ ለዚህ ነውና፣ አብሮ እንዲነበብ እለምናለሁ።

ግዴታው ከመወሰኑ በፊት ተበዳይዋ መጠየቅ አለባት፤ ውሳኔው ግን በእርሷ ጫንቃ ላይ መጣል የለበትም። «እርሷ ከፈቀደች መገናኘት ይችላል» የሚል ሐረግ አይቻለሁ፤ ይህ ፈቃዱን እስክትሰጥ ድረስ እንዲያስጨንቃት መንገድ የሚከፍት ነው። የጋራ ልጆች ካሏቸው ርክክቡ የት፣ በማን በኩልና በየትኛው ሰዓት እንደሚሆን በግልጽ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ ጠቡ የሚያገረሸው እዚያው በር ላይ ነው። ግዴታው ሲለወጥ ወይም ሲነሣም በመጀመሪያ የምትሰማው እርሷ ትሁን።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰውየው የሚከፍለው አነስተኛ ከሆነ ከተበዳዩ ካሣ በፊት የመሥሪያ ቤቱ የክትትል ክፍያ የሚቀነስበት አሠራር ለምን እንደሚኖር አስረድቶኝ የሚያውቅ የለም። ቅጹ ሲሻሻል ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ።

የአመክሮ ምሩቅ፦

የአመክሮ ጊዜዬን ጨርሻለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ያየሁትን ነው። ግዴታዎችን የሚወስኑ ሰዎች እያንዳንዱን ለየብቻው ይመዝኑታል፤ እኛ የምንኖረው ግን ሁሉንም ባንድ ቀን ነው። በሥራ ሰዓት ሪፖርት ማድረግ «ሥራ መያዝ» ከሚለው ጋር ይጋጫል። ሪከርድ ካለበት ሰው መራቅ፣ የሚያስጠጋው ብቸኛ ዘመድ ታስሮ የወጣ ወንድሙ ለሆነ ሰው ቤት አልባነት ነው። የምክር አገልግሎቱ በአንድ በኩል፣ የሽንት ምርመራው በሌላ በኩል፣ የተቆጣጣሪው ቢሮ በሦስተኛው በኩል ሲሆኑ የትራንስፖርት ወጪው ራሱ አንድ ያልተጻፈ ግዴታ ይሆናል። እግር ላይ የሚታሰረው የኤሌክትሮኒክ መከታተያም በየቀኑ ኃይል መሞላት አለበት፤ ቋሚ መኖሪያ ከሌለ የት ይሞላል?

ስለዚህ ጠያቂውን የምለምነው ቅጹን የሚሞላው ሰው የፈራሚውን ሳምንት በወረቀት ላይ እንዲያወጣው ነው፦ ሰኞ ጠዋት የት ነው፣ ከዚያ ወዴት ይሄዳል፣ በምን ይጓዛል፣ ልጁን ማን ይጠብቃል? የማይገጣጠም ነገር ካለ ያኔውኑ ይታያል። በተለይ ከማረሚያ ቤት በወጡባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት መታወቂያ ማውጣት፣ ማደሪያ መፈለግ፣ መድኃኒት ሳያቋርጡ መቀጠል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ቀጠሮ መጠየቅ ብቻ ሳይሆን ቀጠሮው እንዳይረሳ በስልክ ማስታወስ የሚባል ነገር መኖሩንም አትርሱ፤ አንዳንዱ የሚቀረው አምጾ ሳይሆን ቀኑ ጠፍቶበት ነው።

ሌላው ንባብ ነው። ብዙዎቻችን የፈረምነውን ወረቀት አላነበብነውም፤ አንብበንም ያልገባን ብዙ ነበር። ፈራሚው ግዴታውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲናገረው ቢደረግ፣ አለመግባባቱ ችሎት ላይ ከመታወቁ በፊት ቢሮ ውስጥ ይታወቃል።

ረቂቅ አዘጋጅ፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የማታው የሰዓት ገደብ በቤት ውስጥ ጥቃት ጉዳይ ላይ የሚያመጣውን መዘዝ ከባልደረቦቼ አንድም ያነሣው አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ግዴታዎቹ ጥቂትና ግልጽ ከሆኑ፣ የቀሩት ሲጣሱ ወዲያውኑ ወደ እስር መመለስ አለበት የሚሉ አሉ፤ «ጥቂት ጠይቀነው እርሱንም ከጣሰ ሌላ ምን ቀረ?» ይላሉ። ይህን እንዴት ታዩታላችሁ?

የቀድሞ ተቆጣጣሪ፦

ምላሹ ፈጣን መሆን አለበት በሚለው እስማማለሁ፤ ወዲያውኑ እስር ይሁን በሚለው ግን አልስማማም። በሃዋይ ዳኛ ስቲቨን አልም እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመሩት አሠራር እያንዳንዱን ጥሰት ሳይውል ሳያድር በጥቂት ቀናት እስራት የሚቀጣ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ውጤቶችም ብዙዎችን አስደስተው ነበር። ይኸው አሠራር በሌሎች አራት አካባቢዎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ ሲታተም ግን በጠቅላላው ከተለመደው ክትትል የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ከዚህ የምረዳው ፍጥነት ብቻውን እንደማይበቃ ነው።

ሾፌሩ ጠጥቶ ቢገኝ ነገር ግን መኪና ባይነካ፣ ለእኔ የመጀመሪያው ጥያቄ ሕክምናው እየሠራ ነው ወይ የሚለው ነው፤ ምርመራውን ማዘውተር ወይም ሕክምናውን ማጥበቅ ይቻላል። ጠጥቶ መሪ ቢይዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለቤቱን የደበደበው ሰው ወደ ተከለከለበት ሥፍራ ቢሄድ፣ ምንም ጉዳት ባያደርስም እንኳ፣ በዚያኑ ዕለት ለችሎት መቅረብ አለበት። ሒሳብ ሠራተኛው ቀጠሮ ቢያሳልፍ ስልክ ይደወልለታል፤ የሌሎችን ገንዘብ የሚይዝበት ሥራ ደብቆ ቢቀጠር ግን ዝም አይባልም። ሦስቱም «ጥሰት» ይባላሉ፤ ክብደታቸውን የሚሰጣቸው ግዴታው የተጻፈበት ምክንያት ነው።

የሕግ ባለሙያ፦

በዚያው በቶኪዮ ደንቦች ቁጥር 14 መሠረት ከእስር ውጭ ያለው እርምጃ አለመሳካቱ በራሱ ወደ እስር ሊመራ አይገባም፤ ግዴታውን የመለወጥ ወይም ገደቡን የማንሣት ውሳኔም የሚሰጠው ተቆጣጣሪውና ግዴታ የተጣለበት ሰው ያቀረቡት ፍሬ ነገር በጥንቃቄ ከተመረመረ በኋላ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1972 በሞሪሲና በብሩወር ጉዳይ፣ በአመክሮ የተፈታ ሰው አመክሮው ከመነሣቱ በፊት የተባለበትን የማወቅና የመሰማት መብት እንዳለው ወስኗል።

ለቅጹ አንድ ነገር ልጠቁም። በእያንዳንዱ ግዴታ ትይዩ ሁለት ባዶ መስመሮች ይቀመጡ። በአንደኛው ላይ ግዴታው ከጥፋቱ፣ ከሰውየው ሁኔታ ወይም ከተበዳዩ ደኅንነት ጋር ያለው ግንኙነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ በሁለተኛው ላይ ግዴታው እንደገና የሚታይበት ቀን ይሞላ፤ ደንቦቹም ሰውየው ባሳየው መሻሻል መጠን ግዴታዎች እንዲለወጡ፣ ሲገባም ክትትሉ ከጊዜው በፊት እንዲያበቃ ይፈቅዳሉና። የመጀመሪያው መስመር ባዶ ከሆነ ግዴታው እንዳልተጣለ እንዲቆጠር በቅጹ ግርጌ ያስፍሩት።